ጋሽ አትሳቁ ፈገግ እንዲሉ ተጠየቁ

መስከረም 20

ለወንድሜ ልጅ፤

ያለህበት ባሕር ጸጥ ያለ፣ እንቅልፍህም ያልተቆራረጠ ይሁን። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

ከሁሉ በፊት ልትረዳው የሚገባህ ነገር ይህ ነው፤ የላክኸው ገንዘብ ደርሷል፤ ከስልኩ ውስጥ ግን ልናወጣው አልቻልንም። ይህን ሳትይዝ ቀሪውን ብታነብ ስለማይገባህ፣ ደግመህ አንብበውና ቀጥል።

አባትህ መታመሙን፣ ኩባንያችሁ ለመርከበኛ ቤተሰብ በሚፈቅዳት አጭር መልእክት ነግሬህ ነበር። መልእክቷ ከዐሥር ቃል በላይ ስለማትይዝ ዝርዝሩን አሁን ልጻፍልህ። ፎቶ ቤቱ ውስጥ ለአንዲት ተማሪ የመታወቂያ ፎቶ ሊያነሣ አገጯን ቀና አድርጎ፣ ወደ ካሜራው ሲመለስ ወደቀ። ሐኪሙ ስትሮክ ነው አለን። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አይታዘዙትም። የፊቱም ቀኝ ጎን እንደ ረጠበ ጨርቅ ወርዷል። ይሰማል፤ አንዳንዴ የሚገባውም ይመስለኛል፤ ቃል ግን አይወጣውም።

ሐኪሙ ያለውን እንዳለ ላስፍርልህ፦ «የሚመለሰው ነገር የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ነው። በነዚህ ወራት በየቀኑ ካልተሠራበት፣ የቀረው ቀረ።» ለዚህ ሥራ እቤት ድረስ የምትመጣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አግኝተናል። የሚከፈላትም አንተ ከላክኸው ነው።

ወደ ስልኩ ልመለስ። የገንዘቡን አፕ ስትጭንለት የጻፍህልንን የሚስጥር ቁጥር አስገባሁ። ቀድሞ በዚህ ብቻ ይከፈት ነበር። አሁን «በአዲሱ ደንብ መሠረት የባለቤቱ ፊት መረጋገጥ አለበት» ይላል። ከዚያ የእንቁላል ቅርጽ ያለው ክብ ይመጣል። ፊት እዚያ ውስጥ ሲገባ ትእዛዝ ይጀምራል። «ወደ ግራ ይዙሩ።» «ዐይንዎን ይጨፍኑ።» በመጨረሻም «ፈገግ ይበሉ» ይላል።

አባትህን ታውቀዋለህ። ዕድሜውን ሙሉ ከካሜራ ጀርባ ቆሞ «አትሳቁ፤ ለመታወቂያ ነው» ሲል የኖረ ሰው ነው። ሰፈሩ ጋሽ አትሳቁ ብሎ የሰየመው በከንቱ አይደለም። ደህና ሳለ እንኳ በትእዛዝ ፈገግ አይልም ነበር። አሁን ደግሞ ቢፈልግም ግማሽ ፊቱ እምቢ አለ። ስልኩ «አልተሳካም» ይላል። ሦስት ጊዜ አልተሳካም ካለ ደግሞ እስከ ማግስቱ ይቆለፋል።

ስለዚህ ነገሩ እንዲህ ቆሟል። ገንዘቡ እንዲወጣ አባትህ ፈገግ ማለት አለበት። ፈገግ እንዲል ባለሙያዋ ልትሠራበት ይገባል። ባለሙያዋ እንድትሠራ ገንዘቡ መውጣት አለበት። ጡረታ እስክወጣ ሒሳብ አስተምሬአለሁ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ለተማሪ ሰጥቼ አላውቅም።

አፑን የምታውቀው አንተ ነህ። ምን እንደማደርግ በቅደም ተከተል ጻፍልኝ። አንድ መስመር ላይ ሁለት ነገር አትቀላቅል።

አክስትህ


ጥቅምት 14

ለተከበሩ አክስቴ፤

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ፈጣሪ ዕድሜዎን ያርዝመው። እኔ ደህና ነኝ፤ ከሞተሩ ጩኸት በቀር የሚያስቸግረኝ የለም። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ትናንት ወደብ ስንገባ ነው። እኛን ከመርከብ አያወርዱንም፤ ኢንተርኔቱም ለመኮንኖቹ ብቻ ነው። መልሴን በኩባንያው ከረጢት እልካለሁ። ሦስት ሳምንት ቢቆይ አይቀየሙኝ።

አፑ እንዲህ ማድረጉ ያለ ነገር ነው፤ አይደንግጡ። ሞተር ክፍል ውስጥ ማንኛውም ነገር እምቢ ሲል አለቃችን መጀመሪያ የሚለው «አጥፋና አብራ» ነው። አንድ ቀን ምግብ ሠሪያችን ሆዴን አመመኝ ቢለው «ተኛና ተነሣ» አለው። ስለዚህ መጀመሪያ ስልኩን አጥፍተው ያብሩት።

ያ ካልሠራ አፑን አፕዴት ያድርጉት።

ያም ካልሠራ ሴቲንግ ውስጥ ይግቡ፣ ከአፖቹ መካከል እሱን ይንኩትና «ክሊር ካሽ» የሚለውን ይጫኑ። ከጎኑ ያለውን «ክሊር ዳታ» አደራ እንዳይነኩት፤ ከነኩት እኛን ጨርሶ የማያውቀን ሆኖ ነው የሚነሣው።

የፊት ካሜራውን በለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉት። አባዬን መስኮት ፊት ለፊት ያስቀምጡት፤ መነጽሩን ያውልቅ።

ባለሙያዋን ያስጀምሯት። ገንዘቡ ዛሬ ነገ ይወጣል ይበሏት። አባዬ ጠንካራ ነው፤ ይነሣል።

አንድ መስመር ላይ ሁለት ነገር እንዳልቀላቀልኩ ይዩልኝ።

ልጅዎ


ኅዳር 5

ለወንድሜ ልጅ፤

ሰላምህ ብዙ ይሁን። ደብዳቤህ ደርሶኛል። አንድ መስመር ላይ ሁለት ነገር ያልቀላቀልኸው እስከ መነጽሩ ድረስ ነው።

ምክርህ በሙሉ ተፈጽሟል። ስልኩን አጥፍቼ አበራሁ፤ መጥፋትም መብራትም ይችላል። አፕዴት አደረግሁት። አዲሱ ከአሮጌው የሚለየው «ፈገግ ይበሉ» ይል የነበረው አሁን «ጥርስዎ እስኪታይ ፈገግ ይበሉ» ማለቱ ነው። ካሹን አጠፋሁ፤ ምን እንደ ነበረ ባላውቅም ሄዷል። ሌላውን አልነካሁም። ካሜራውን በመነጽሬ ጨርቅ ጠረግሁት።

የቀረው መስኮቱ ነው፤ እዚያ ላይ የሆነውን ሳልቸኩል ልንገርህ። አባትህን ወንበር ላይ ደግፌ ብርሃን ፊቱ ላይ እንዲያርፍ አስቀመጥሁት። ስልኩን ፊት ለፊቱ ያዝሁ። ክቡ ውስጥ የራሱን ፊት አየ። እኔ ያ ፊት የራሱ መሆኑን ያውቃል ብዬ ነበር። አላወቀም። ግንባሩን ቋጠረ፤ አንድ ዐይኑን ጠበብ አድርጎ ተመለከተ፤ ቀጥሎ ደህናውን ግራ እጁን አነሣና በጣቱ የሰውየውን አገጭ ቀና ሊያደርግ ሞከረ።

ደንበኛ የመጣበት መስሎታል። ደንበኛው ደግሞ ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ፣ አፉን አጣምሞ ተቀምጧል።

ከአገጩ በታች «ሰርዝ» የሚል ቁልፍ አለ። ጣቱ ያን ነካው፤ ሥራው ሁሉ ተሰረዘ። እንደገና ጀመርሁ፤ እንደገና አቃናው፤ እንደገና ተሰረዘ። ስልኩን ራቅ ሳደርገው እሱም ተከትሎት ሊወድቅ ደረሰ። ከሦስተኛው በኋላ ተቆለፈ። አባትህ ስልኩን አይቶ እኔን አየኝ። የማይታዘዝ ደንበኛ ሲገጥመው የሚያየኝን አስተያየት ታስታውሳለህ።

ባለሙያዋ እየመጣች ነው። ከምን እንደምከፍላት አትጠይቀኝ፤ ደግሞም አልጠየቅህም።

አሁን ሌላ መንገድ እንሞክር። ለኩባንያህ ጻፍና ደመወዝህ ከዚህ ወዲያ በእኔ ስልክ ቁጥር እንዲላክ ጠይቅ። እኔ ፈገግ ማለት እችላለሁ፤ ምንም እንኳ ተማሪዎቼ ባይመሰክሩልኝም።

ለመጨረሻ አንድ ነገር። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ስለ ካሜራው ጠይቀሃል፣ ስለ መስኮቱ ጠይቀሃል። የአባትህ ፊት ምን እንደሚመስል አልጠየቅህም። እያረምሁህ አይደለም። አይቼዋለሁ ለማለት ብቻ ነው።

አክስትህ


ኅዳር 30

ለተከበሩ አክስቴ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ ሥራ ይበዛብኛል እንጂ ደህና ነኝ።

ለኩባንያው በመኮንኖቹ ኢንተርኔት አስጽፌ ነበር፤ መልሱ መጥቷል። ኮንትራቱ ሳያልቅ የተቀባይ ቁጥር ለመቀየር የድሮው ተቀባይ መስማማት አለበት ይላሉ። እንዴት ነው የሚስማማው ብዬ ጠየቅኩ። አፑን ከፍቶ፣ ፊቱን አረጋግጦ፣ «እስማማለሁ» የሚለውን ይነካል አሉኝ። ለአለቃዬ ባሳየው «ይሄ ሰው የሠራው አይደለም፤ ሰው ቢሠራው የሆነ ቦታ ያፍር ነበር» አለ።

ሞተር ክፍል ውስጥ ስንመካከርበት ሰነበትን። ሁሉም የየራሱ ሐሳብ አለው። አንዱ፣ ጉንጩን በፕላስተር ወደ ላይ ሳቡት ይላል። ሌላው የሚመስለው ሰው ፈልጉ ይላል። እኔ የተሻለ የመሰለኝን ልንገርዎ፤ አባዬ ሲስቅ የተነሣው ፎቶ ይፈልጉና በትልቁ አሳጥበው ስልኩ ፊት ያቁሙት። አንዳንድ አፕ ይሸወዳል ይባላል።

ስለ ፊቱ ያሉኝን አንብቤዋለሁ። እኔ ጋ ያለው የድሮው ፊቱ ነው። ወደቡ ላይ ሲሸኘኝ ኮሌታዬን አስተካክሎ «ትከሻህን ጣል» ያለኝ ፊት። ሌላውን ሆድ ይፍጀው። ቢጽፉልኝም አነባለሁ፤ ግን አይጻፉልኝ።

ባለሙያዋ አትቋረጥ፤ አደራ። ከምን እንደሚከፍሉ አሁን እየጠየቅኩዎ ነው።

ልጅዎ


ታኅሣሥ 24

ለወንድሜ ልጅ፤

ያሰብኸው ይሙላልህ። ካሰብኸው መካከል ግን የሐሰት ፎቶ ማቆሙን አውጣው። ፈተና ላይ ስትኮርጅ አንድ ቀን ይዤሃለሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ አብሬህ አልኮርጅም። ደግሞም ብፈልግ አልችልም። አልበሞቹን ሁሉ አገላብጫለሁ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ፎቶ አለ፤ አባትህ ሲስቅ የተነሣው አንድም የለም።

ከምን እንደምከፍል ለጠየቅኸው፦ ቤቱ ሰፍቷል። ድሮ በጠባብነቱ ትስቅበት የነበረው ሳሎን አሁን ስንራመድ ያስተጋባል። ለአባትህ እርምጃ መለማመጃ ተመችቶናል። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

አሁን ዋናውን ስማኝ፤ ደስ የሚል ነገር ስላለበት አስቀድሜ እንዳትቸኩል አስጠነቅቅሃለሁ።

ባለሙያዋ አፉን ለማፍታታት መስታወት ፊት ድምፅ እንዲያወጣ ታደርገው ነበር። እኔ ደግሞ የማውቀውን ጨመርሁበት። እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ሀ ሁ ሂ አስቆጥረው ጀመር። ድምፁ አይወጣም፤ አፉ ግን ይከተላል። «ሁ» ሲል ይሰበሰባል፤ «ሂ» ሲል ወደ ጎን ይለጠጣል፤ ግራው በደንብ፣ ቀኙ በትንሹ። ከቀን ወደ ቀን ቀኙም ተጨመረ። አንድ ጠዋት ስልኩን ከአንድ የፎቶ መቃን ጋር አስደግፌ ፊት ለፊቱ አቆምሁ፤ ግራ እጁን እኔ ያዝሁት። ወደ ግራ ዞረ። ዐይኑን ጨፈነ። ጥርስዎን ያሳዩ ሲል እኔ ከጎን «ሂ» አልሁ። እሱም «ሂ» አለ።

ስልኩ ተቀበለው። ክቡ አረንጓዴ ሆነ።

ምናልባት ሦስት ጊዜ ትንፋሼን ስቤ እስክተነፍስ አረንጓዴ እንደ ሆነ ቆየ። ከዚያ «ፊቱ ከመታወቂያው ፎቶ ጋር አይዛመድም» ብሎ ቀላ።

መታወቂያውን ይዤ ወደ አፑ የሰፈር ወኪል ሄድሁ። ወኪሉ ቻርጀር ከሚሰቅልበት መስኮት አንገቱን ብቻ አውጥቶ የሚያስተናግድ ሰው ነው። መታወቂያውን አየ፣ ስልኩ ላይ ያለውን ፊት አየ።

«እማማ፣ ይሄ ማነው?»

«ወንድሜ ነው።»

«አይ፣ መታወቂያው ላይ ያለው።»

«እሱም ወንድሜ ነው።»

«ታናሽየው?»

«አንድ ወንድም ነው ያለኝ» አልሁት።

ከኋላዬ የሰፈሩ አዋላጅ ቆማ ነበር። «እኔንም አላውቅሽም ብሎኛል» አለች። «ጋሽ አትሳቁ ከዐይኔ ሥር ያለውን ሁሉ አጥፍተውልኛላ። ያኔ መርቄያቸው ነበር፤ ምርቃቱ ይመለስልኝ ይሆን?»

ሥጋ ሻጩም ነበር። «የኔን ጠባሳ የት እንዳደረሱት ይጠይቁልኝ» አለኝ። «ቢላዋ ላይ ነው ያገኘሁት፤ በነፃ የመጣ ጠባሳ አይደለም።»

ወኪሉ ሦስቱንም መታወቂያ ደርድሮ ተመለከተ። «ይሄ ሰፈር በመታወቂያ ሲታይ የፊልም ተዋናይ ብቻ ነው የሚኖርበት» አለ።

ነገሩን አንተም ታስታውሰዋለህ። አባትህ ፎቶ ሲያጥብ በቀጭን ብሩሽ ይነካካ ነበር። የአንዱን ማዲያት፣ የሌላውን ሽብሽብ ያነሣል። አንድም ሰው አልጠየቀውም፤ አንዱንም አላስከፈለም። «ሰው መታወቂያው ውስጥ እንኳ ይረፍ» ይል ነበር። የራሱንም እንዲሁ አድርጎታል። ጉንጩን ሞልቶ፣ አፍንጫው አጠገብ ያለውን ኪንታሮት አንሥቶ፣ ሽበቱን አጥቁሮ። ስልኩ የሚፈልገው ሰው ይህ ነው። ይህ ሰው ጤነኛ በነበረበት ዘመንም አልነበረም።

ወኪሉ ያለው መፍትሔ አንድ ነው፤ አዲስ ፎቶ ተነሥቶ፣ መታወቂያው ታድሶ፣ ዋናው ቢሮ ተልኮ፣ ተጣርቶ። «ስንት ጊዜ ይወስዳል?» አልሁት። «እማማ፣ እኔ ቻርጀር ነው የምሸጠው» አለኝ።

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆኖብናል። ከዚህ ወር ጀምሮ ባለሙያዋ አትመጣም። ያሳየችኝን ሁሉ እኔው እሠራለሁ፤ ጉልበቴ እስከ ፈቀደ።

ከእንግዲህ ምክር አትላክልኝ። ምክርህ የሚደርሰው ጅብ ከሄደ በኋላ ነው። ወሬ ላክልኝ። ምን በላህ፣ ከማን ጋር ትውላለህ፣ መቼ ያልቅልሃል።

አክስትህ


የካቲት 2

ለተከበሩ አክስቴ፤

እንደምን አሉ? ደብዳቤዬ በመዘግየቱ ይቅርታ። ጽሕፈቴ ቢከፋብዎ መርከቡ ስለሚናወጥ ነው።

ወሬ ይላክ ብለዋል። የምበላው ሩዝ ነው። የምውለው አሁን ሞተር ክፍል አይደለም፤ ዕቃ ክፍል አዛውረውኛል፤ ቀለል ያለ ሥራ ነው። ምግብ ሠሪያችን ስለ አረንጓዴው ክብ ስነግረው ሥራውን ትቶ ተቀመጠ። «እና ከዚያስ?» እያለ ሦስቴ አስነገረኝ። መጨረሻውን እያወቀ።

አክስቴ፣ መፍትሔ አግኝቻለሁ። የካቲት 28 ወደ ኩባንያው ወደብ እንገባለን። እዚያ ኮንትራቴ ያልቃል። ለሁለት ዓመት ከፈረምኩ አዲስ ኮንትራት ስለሆነ አዲስ የተቀባይ ቁጥር መስጠት ይቻላል፤ የማንም ፊት አይጠየቅም። ቅድሚያ ክፍያም አለው። ዕቃ ክፍል ላይ ሊያቆዩኝ የሚፈልጉት ከፈረምኩ ብቻ ነው፤ ካልፈረምኩ ወደ ቤት ይሸኙኛል። ወደ ቤት ብመጣ ደግሞ ባዶ እጄን ነው፤ ምን ላደርግላችሁ?

ስለዚህ የእርስዎን ቁጥር ይላኩልኝ። ባለሙያዋን ይጥሯት። ሐኪሙ ስድስት ወር ያለው ለአፉ ያህል ነው፤ ትንሽ ቢያልፍ ምን ይሆናል? የአባዬ ፊት እኮ ሀ ሁ ሂ ብሏል።

ለአባዬ ትከሻዬን ጥያለሁ ይበሉልኝ።

ልጅዎ


የካቲት 26

ለወንድሜ ልጅ፤

ፈጣሪ ባለህበት አጥር ይሁንህ።

አሁንም ከሁሉ በፊት ልትረዳው የሚገባህን ላስቀድም። አባትህ ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት ለሁለተኛ ጊዜ ወድቋል። አሁን አይነሣም። አፉ በሁለቱም በኩል ወርዷል፤ ስለዚህ ከፊተኛው ይልቅ እኩል ሆኗል። «ሂ» ስል ያየኛል፤ አይከተለኝም። ሐኪሙን ስለ ስድስቱ ወር ጠየቅሁት። «እሱን ተዉት» አለኝ። የስልኩም ነገር በዚሁ አብቅቷል። አዲስ መታወቂያ አይወጣም፤ ባለሙያ አይጠራም፤ ቁጥሬንም አልልክልህም።

ከመውደቁ በፊት የሆነውን ግን ልታውቀው ይገባል።

አዲሱን ፎቶ ላነሣው ፎቶ ቤቱን ከፈትሁ። ሥጋ ሻጩ አዝሎ አደረሰልን፤ የራሱንም ጠባሳ ሊያስመልስ ፈልጎ ነው። አቧራውን ጠረግሁ፣ ነጩን መጋረጃ ዘረጋሁ፣ ጃንጥላውን መብራት አበራሁ። አባትህን ተሽከርካሪው በርጩማ ላይ ልናስቀምጠው ሞከርን። አልተቀመጠም። በርጩማውን አይቶ ቦታው እንዳልሆነ ገባው። በግራ እጁ የሥጋ ሻጩን ክንድ ጨብጦ፣ ቀኝ እግሩን እየጎተተ ካሜራው ጀርባ ሄዶ ቆመ። ከዚያ እጁን ወደ በርጩማው ዘረጋልኝ። ተቀመጪ ማለቱ ነው።

ተቀመጥሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ተመለከተኝ። እየጎተተ መጣና አገጬን ቀና አደረገ፤ ትከሻዬን በመዳፉ ጫን አለው፤ ተመልሶ ሄደ። ሥጋ ሻጩ ከኋላ «እማማ፣ እንደ ሙሽራ ሆኑ እኮ» አለ፤ እኔም ሳቄ አመለጠኝ። አባትህ ከካሜራው በላይ ቀና ብሎ አፉን አንቀሳቀሰ። «አት» አለ። ትንሽ ቆየና «ሳቁ» አለ። ድምፁ የድሮው አልነበረም፤ ቃሉ ግን ሙሉ ነበር። እሱ ራሱ ሰማው። ሲሰማው ደግሞ ፈገግ አለ። ማንም ሳያዘው፣ ጥርሱ እስኪታይ።

ስልኩ ጉልበቴ ላይ ነበር፤ ክፍት ሆኖ። አላነሣሁትም። ላንሣው ብዬ አላሰብሁም። ከዚያ ወዲያ ብዙ ሌሊት አስቤዋለሁ፤ ያኔ ግን አላሰብሁም። እሱም የካሜራውን ቁልፍ ተጫነ።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። መርከብ ሲናወጥ ጽሕፈት ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይሄዳል። የአንተ የሚሄደው ወደ አንድ ወገን ብቻ ነው። ቀኝ እጃቸው ተሰብሮ በግራ የጻፉ ልጆችን ደብተር ስንት ጊዜ እንዳረምሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ከሞተር ክፍል ለምን እንዳዛወሩህ፣ ካልፈረምህ ለምን እንደሚሸኙህ አሁን ገብቶኛል። ምን እንደ ሆነ አልጻፍህልኝም፤ እኔም ስለ ቤቱ አልጻፍሁልህም፤ ስለዚህ አንዋቀስም። ዳሩ ግን ባዶ እጄን ብመጣ ምን ላደርግላችሁ ላልኸው መልስ አለኝ። አባትህን ቀንና ሌሊት ማገላበጥ አለ። እኔ ብቻዬን አልቻልሁም። በአንድ እጅም ቢሆን ሁለት ሰው ሁለት ሰው ነው።

አትፈርም። ና።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ትናንት ነው። ይህኛው የሚደርስህ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ አንተ የምትፈርመው ከነገ ወዲያ ነው። መቀነስ አላቃተኝም። በአጭር መልእክት ላስታውቅህ ወደ ኩባንያው ቢሮ ሄጄ ነበር። ለአንድ መርከበኛ በአንድ ኮንትራት የሚፈቀደው አንድ የሕመምና አንድ የሞት መልእክት ነው አሉኝ። የሕመሙን መስከረም ሳይጠባ ተጠቅመንበታል። የቀረን የሞቱ ነው፤ እሱን ልጠቀምበት አልቸኮልሁም።

ቢሆንም ጻፍሁልህ። ምናልባት መርከባችሁ ይዘገይ ይሆናል፤ ምናልባት ብዕሩን ስታነሣ እጅህ ያምህ ይሆናል። ሌላ ተስፋ የለኝም፤ ይህንንም ተስፋ ብዬ የምጠራው ሌላ ቃል ስላጣሁለት ነው።

አባትህ ያነሣው ፎቶ ከዚህ ጋር አለ። ነካ ነካ የሚያደርገው ሰው ስላልነበረ ሽብሽቤ ሁሉ እንዳለ ነው። ደግሞ እየሳቅሁ ነው፤ ለመታወቂያ አይሆንም። በደንብ ያዘው፤ ከዚህ በኋላ ያነሣው የለም።

ደብዳቤው ሲደርስህ ፈርመህም ቆየኝ ሳትፈርም፣ ሳትውል ሳታድር መልስ ጻፍልኝ። በግራ እጅህ ጻፈው፤ አነበዋለሁ።

አክስትህ